የጎንደር ቅዳሜ ገበያ ቅመም ተራ፦ የአዩርቬዳን ስያሜ ለሚያጠና

የአዩርቬዳን፣ ማለትም የህንድን ባህላዊ ሕክምና፣ የሳንስክሪት (የጥንታዊ የህንድ ቋንቋ) ስያሜ ከወረቀት ብቻ የሸመደደ ሰው ቶሎ ይረሳዋል። ጎንደር ላለ ተማሪ ቅዳሜ ገበያ የቅመም ተራው ጥሩ መማሪያ ነው፤ ግማሹ የስም ዝርዝር በማዳበሪያ ተሞልቶ ተደርድሯል። እርዱ ሃሪድራ፣ ከሙኑ ጂራካ፣ ድንብላሉ ዳንያካ፣ አብሹ ሜቲካ፣ ነጭ አዝሙዱ ያቫኒ ነው። እነዚህ አያከራክሩም፤ ተክሉ እዚያም እዚህም አንድ ነው። መሄድ በጠዋት ነው፤ የበርበሬው ብናኝ ካየለ በኋላ ማሽተት ከንቱ ድካም ነው።

ዝንጅብል ላይ ረጋ ይባል። እርጥቡ አርድራካ፣ ደረቁ ሹንቲ ይባላል፤ አዩርቬዳ የሁለቱን ጠባይ ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ለሹንቲ የተፈጨውን ትቶ «እትዬ፣ ድፍኑን ያሳዩኝ» ማለት ነው። ቀጭ ብሎ የሚሰበርና ሽታው ወዲያው አፍንጫ የሚመታው ይገዛል። የሚለመጠው በደንብ ስላልደረቀ ይሻግታል፤ ሲሰብሩት ዱቄት የሚረግፈው ነቅዟል።

ጣጣው የሚመጣው ትሪካቱ ላይ ነው። ትሪካቱ ማለት ሹንቲ፣ ማሪቻና ፒፓሊ በእኩል ክብደት ተፈጭተው የሚቀላቀሉት ነው። ማሪቻ ቁንዶ በርበሬ ስለሆነ አያስቸግርም። ለፒፓሊ ግን ብዙ ሰው ጥምዝ ይዞ ይመለሳል። ዘመዳሞች ናቸው፣ መልካቸውም ይቀራረባል፤ ሆኖም በሳይንሳዊ ስማቸው የእኛው ጥምዝ ፓይፐር ካፔንሴ፣ ፒፓሊ ደግሞ ፓይፐር ሎንገም ነው። የጥምዙ የጭስ ሽታም ያጋልጠዋል። ኮረሪማን ኤላ ማለትም እንዲሁ ስህተት ነው፤ ኤላ ሄል ነው። በሶብላም የቱላሲ (የህንዱ ቅዱስ በሶብላ) ዘመድ እንጂ ቱላሲ አይደለም።

በስኒ መስፈርም ድብልቁን ያበላሻል። አንድ ስኒ ቁንዶ በርበሬና አንድ ስኒ የተሰባበረ ዝንጅብል እኩል አይመዝኑም፤ ከእያንዳንዱ 20 ግራም በሚዛን ይወሰድ። ዝንጅብሉ ቃጫ ስላለው ለብቻው ተፈጭቶና ተነፍቶ ነው የሚቀላቀለው።

ገበያው የማያስተምረው ነገርም አለ። ምላስ የሚነግረን ራሳን፣ ማለትም ጣዕምን ብቻ ነው። ሹንቲም ማሪቻም ሲቀመሱ ካቱ ናቸው፣ ያቃጥላሉ። ተበልተው ሆድ ውስጥ ከተፈጩ በኋላ የሚያድረው ጠባይ፣ ቪፓካ፣ ግን ይለያያል፤ የሹንቲ ማዱራ (ጣፋጭ)፣ የማሪቻ ካቱ ነው። ይህን ለማወቅ መምህር ወይም መጽሐፍ ግድ ነው።

ቅቤ ተራም የሚሻገር ካለ ይጠንቀቅ። ግሪታ ቅመም የሌለው የነጠረ ቅቤ ነው፤ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት የወጥ ቅቤ አይተካውም። ለጋ ቅቤ ገዝቶ ቤት ማንጠር ይሻላል።

ለመማሪያ ከ5 ኮከብ 4፣ የአዩርቬዳ ድብልቅ ለመቀመሚያ 2 ይበቃዋል። አሽዋጋንዳን ለሚፈልግ፣ እሱ የእኛው ጊዘዋ ነው፤ ከቅመም ሻጮች ሳይሆን ከባህል መድኃኒት ሻጮች ይጠየቃል፣ አዩርቬዳ በዋናነት የሚጠቀመውም ሥሩን ነው። ነፍሰ ጡር ሴትና የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይቅመሱት።