ከጥቅሉ ቸኮሌቱ ብቻ፦ የ«ማንዲያን» መሥሪያ ጥቅል ደብረ ብርሃን ላይ ሲሞከር

ባለፈው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ የኬክ ዕቃ መሸጫ የቸኮሌት መሥሪያ ጥቅል አስመጥቼ ነበር። ካርቶኑ ላይ «የፈረንሳይ ማንዲያን በቤትዎ» ተብሎ ተጽፏል፤ ውስጡ 500 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ በትንንሽ ከረጢት የተለያየ ዘቢብ፣ ደረቅ በለስ፣ ሄዝልነትና ለውዝ፣ ጥቂት የመጋገሪያ ወረቀትና አንድ ገጽ መመሪያ አለው። ሁለት ጊዜ ሠርቼበታለሁ፤ ለቤተሰብ አቅርቤዋለሁ፤ ጥቂቱንም ወደ ሸዋ ሮቢት ልኬ እንዴት እንደደረሰ ጠይቄያለሁ። ለመግዛት ለሚያስቡ ሰዎች ይጠቅማል ያልኩትን በዝርዝር አቀርባለሁ።

ማንዲያን ማለት በስሱ ክብ ሆኖ ከፈሰሰ ቸኮሌት ላይ፣ ገና ሳይረጋ፣ ደረቅ ፍራፍሬና የተቆሉ ፍሬዎች ተደርድረውበት የሚሠራ ጣፋጭ ነው። ምድጃ ውስጥ አይገባም፤ እንቁላልም ዱቄትም አይፈልግም። ቃሉ በፈረንሳይኛ «ለማኝ» ማለት ሲሆን፣ የስሙ መነሻ በምጽዋት ይኖሩ የነበሩት አራቱ የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበራት፣ ማለትም ፍራንሲስካውያን፣ ዶሚኒካውያን፣ ካርመላውያንና አውግስጢኖሳውያን ናቸው። የበለሱ፣ የዘቢቡ፣ የአልሞንዱና የሄዝልነቱ ቀለም የእያንዳንዱን ማኅበር የልብስ ቀለም ያስታውሳል ይባላል፤ በደቡብ ፈረንሳይ በፕሮቫንስም እነዚህ ፍሬዎች በገና ዋዜማ ገበታ ላይ ከሚቀርቡት 13 ጣፋጮች መካከል ናቸው። ይህን ለባለቤቴ እናት ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው የቆሎ ተማሪ ስንቅ ነዋ!» አሉኝ። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ለደጅ የሚዞረውን ተማሪ እያየ ላደገ ሰው ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የሚገኝ አይመስለኝም።

የጥቅሉ ዋና ነገር ቸኮሌቱ ነው፤ እሱ ደግሞ በእውነት ጥሩ ነው። ከጀርባው የተዘረዘረው የተፈጨ የካካዎ ፍሬ ሊጥ፣ ስኳር፣ የካካዎ ቅቤ፣ ከአኩሪ አተር የሚገኝ ሌሲቲን (ቅልቅሉን የሚያዋህድ ቅመም) እና ቫኒላ ብቻ ሲሆን፣ የካካዎው መጠን 60 በመቶ ነው። ለማነጻጸር ብዬ ከከተማችን ሱቅ ለኬክ መቀቢያ የሚሸጠውን ርካሽ ቸኮሌትም ገዝቼ ነበር፤ በእሱ ዝርዝር ላይ በካካዎ ቅቤ ፈንታ የዘንባባ ዘይት ሰፍሯል። ልዩነቱ አፍ ውስጥ ይታወቃል። በደንብ የረጋ የካካዎ ቅቤ የሚቀልጠው 34 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የሰውነታችን ሙቀት ሲያገኘው ምላስ ላይ ወዲያው ይፈታል፤ የዘንባባ ዘይት ያለበት ግን ከጠፋ በኋላ እንኳ እንደ ሻማ ሰም ላንቃ ላይ ተለጥፎ ይቆያል። ርካሹ አንድ ጥቅም አለው፦ አቅልጦ ማፍሰስ ብቻ ይበቃዋል፣ ሙቀቱን መከታተል አያስፈልግም። ለልጆች ልደት ብዙ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መመሪያው ግን ቅር አሰኝቶኛል፤ ጥቅሉን የገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። «ቸኮሌቱን ያቅልጡ፣ በወረቀት ላይ ያፍስሱ፣ ለአንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ» ከማለት ውጪ ስለ ሙቀት አንድም ቁጥር አልተጻፈበትም። በመጀመሪያው ቀን እንደተባለው አደረግሁ። ከፍሪጅ ሳወጣቸው ላያቸው ላይ ጤዛ ያዘ፤ በማግስቱ ደግሞ እንደ አመድ ያለ ነጭ ነገር ለበሳቸው፤ ሲቆረሱም «ቀጭ» አላሉም፣ ተጣጠፉ እንጂ። ምክንያቱ ሁለት ነው። የካካዎ ቅቤ እንዳገኘው ሲረጋ ቅንጣቶቹ ሥርዓት ስለማይዙ ቅቤው ወደ ላይ ይወጣና ነጭ ይሆናል፤ ጤዛውም ስኳሩን አሟሙቶ ሲደርቅ ሌላ ነጭ ሽፋን ይተዋል። ሁለቱም ለጤና አይጎዱም፣ ነገር ግን ለእንግዳ የሚቀርቡ አይደሉም።

ሁለተኛውን ጊዜ የሠራሁት መመሪያውን ትቼ ነው። 300 ግራም ቸኮሌት ወስጄ ሁለት ሦስተኛውን በጎድጓዳ ሳህን አድርጌ፣ ትንሽ ውኃ ባለበት ድስት ላይ፣ የሳህኑ ቂጥ ውኃውን ሳይነካ አቀለጥኩት። ጥቁር ቸኮሌት በዚህ ደረጃ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ ይበቃዋል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከፍታ፣ ማለትም 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ቢሆን ቸኮሌት ለማሳረር ከበቂ በላይ ስለሆነ ውኃው ጢስ ማውጣት ሲጀምር እሳቱን ማጥፋት ይሻላል። ከዚያ ሳህኑን አውርጄ የቀረውን 100 ግራም በደቃቁ ከትፌ ጨመርኩበትና እስኪሟሟ አማሰልኩት፤ ያልቀለጠው ቸኮሌት የያዘው የተስተካከለ ቅንጣት የቀለጠውን እንደ እርሾ ይመራዋል። 27 ወይም 28 ዲግሪ እስኪወርድ ጠብቄ መልሼ 31 እና 32 መካከል ለብ አደረግሁት። የሙቀት መለኪያ ለሌለው ሰው ከንፈር ይበቃል፦ በማንኪያ ጫፍ ተነክሮ ታችኛው ከንፈር ላይ ሲደረግ የሞቀ ሳይሆን ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ከመሰለ ደርሷል። ቢላ ጫፍ ላይ የተቀባው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሳይዥጎረጎር አብረቅርቆ ከደረቀ ማፍሰስ ይቻላል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጠብታ ውኃ እንዳይገባ መጠንቀቅ ይገባል፤ ከገባ ቸኮሌቱ ወዲያው ይጓጉላል።

ደብረ ብርሃን ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ከተማ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በታኅሣሥ ጧት ውርጩ ሣሩን አንጥፎት ሲያድር የቤታችን ጓዳ ያለ ፍሪጅ ቸኮሌት ያረጋል፤ ጤዛም አያመጣም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል። ቅዝቃዜው ቸኮሌቱን ስለሚያስቸኩለው ሃያውን በአንድ ጊዜ አፍስሶ ፍሬ መደርደር አይቻልም፤ አምስተኛው ላይ ሲደረስ የመጀመሪያው ደርቆ ዘቢቡ ሳይጣበቅ ይንከባለላል። እኔ አምስት አምስት እያፈሰስኩ ወዲያው ፍሬውን እየደረደርኩ ሠላሳ ያህል አወጣሁ። ከወረቀቱ ሲነሱ ከሥር እንደ መስታወት ያበሩ ነበር።

ስለ ጥቅሉ ፍሬዎች የምለው ደግ ነገር ጥቂት ነው። ሄዝልነቱ ደኅና ነው። በለሱ ግን ከመድረቁ የተነሣ በቢላ አልቆረጥ ብሎኛል፤ ዘቢቡም ከገበያችን ከገዛሁት ያነሰና የጠወለገ ነው። ካርቶኑ ላይ «ለውዝ» ተብሎ የአልሞንድ ሥዕል ቢታተምም ከረጢቱ ውስጥ የተገኘው ኦቾሎኒ ነው። እኛ ኦቾሎኒን ለውዝ ብለን መጥራታችን የታወቀ ስለሆነ ቃሉ ውሸት አይደለም፤ ሥዕሉ ግን ገዢን ያሳስታል፣ ሻጩም ሊያርመው ይገባል። ደግሞም ጥሬውን ነው የላኩት። ኦቾሎኒ ከሆነ የራሳችን ይበልጣል፦ በብረት ምጣድ ላይ በዝግታ ተቆልቶ፣ በእጅ ታሽቶ፣ ገለባው በሰፌድ ተበጥሮ፣ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ከቆየ በኋላ ከጥቁር ቸኮሌት ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው ሽታ ከሄዝልነቱ አያንስም። ትኩሱን ማስቀመጥ ግን የተደከመበትን ሙቀት ስለሚያበላሽ አይገባም። ከሁሉ ያስደነቀኝ ሸዋ ሮቢት ያሉት አክስቴ በቀጭኑ ከትፈው፣ ሰፌድ ላይ አድርገው ሻሽ አልብሰው በፀሐይ ያደረቁልኝ ማንጎ ነው። ጎምዘዝ ማለቱ የቸኮሌቱን ምሬት ያነሣዋል። ማንጎው መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ፍራፍሬ ውኃ እያንጠባጠበ ቸኮሌቱን ያጨማልቃል፣ በሁለተኛው ቀንም ይበላሻል። የተቆላ ሰሊጥ ቆንጠር አድርጎ መነስነስም ያምርበታል።

ቅምሻው የደረሰው በነቢያት ጾም ስለሆነ የባለቤቴ እናት ከማንሣታቸው በፊት ጠየቁኝ።

«ይኼ ነገር የጾም ነው ወይስ የፍስክ?»

«የጾም ነው፣ እማማ፤ ዝርዝሩን አንብቤዋለሁ፣ ወተትም ቅቤም የለበትም። የካካዎ ቅቤ የሚባለው ከፍሬው የሚወጣ ነው።»

አንዱን በልተው ሁለተኛውን ለልጅ ልጃቸው በመሀረብ ቋጠሩ። ለጾመኛ ቤት ይህ ትልቅ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ጥቁር ቸኮሌት የወተት ዱቄት ስለሚጨመርበት ከመግዛት በፊት ጀርባውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ለገና ደግሞ አሥራ ሁለቱን በካርቶን አድርጌ ለአክስቴ በሚኒባስ ላክሁ። መኪናው ከደብረ ብርሃን በረዶ አየር ተነሥቶ፣ ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከ1,500 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ይወርዳል። ቸኮሌቱ እዚያ ላበ፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ቢረጋም ያ የመስታወት ብርሃኑ ጠፍቶ ነጣ። ጣዕሙ እንዳልተለወጠ አክስቴ በስልክ ነግረውኛል፣ እኔ ግን አዝኛለሁ። ወደ ቆላ የሚልክ ሰው በሌሊት የሚነሣ መኪና ይምረጥ፤ ካርቶኑንም በወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከሞተሩ ርቆ እንዲቀመጥለት ይጠይቅ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ቸኮሌቱን ለብቻው፣ ኦቾሎኒውንና ዘቢቡን ከገበያ ብገዛ ከማወጣው ላይ ለጥቅሉ አንድ ሦስተኛ ያህል ጨምሬ ከፍያለሁ። ለዚያ ጭማሪ ያገኘሁት የደረቀ በለስ፣ የሚያሳስት ሥዕልና የሚያበላሽ መመሪያ ነው። ስለዚህ ጥቅሉን አልመክርም፤ እዚያው መሸጫ ውስጥ በኪሎ የሚሸጠውን ያንኑ ቸኮሌት ግን ያለ ጥርጥር እመክራለሁ። ለሚቀጥለው ጊዜ አንድ ኪሎ አዝዣለሁ፤ የተረፈኝን 100 ግራም ያህል ደግሞ ሽታ ቶሎ ስለሚስብ በወረቀት ጠቅልዬ፣ በክዳን ዕቃ ከድኜ፣ ከበርበሬውና ከቡናው ርቆ በሌላው መደርደሪያ ላይ አስቀምጨዋለሁ።