ያረጀ የእንጨት ጀልባ፦ ሳንቃ መቀየር ወይስ በፋይበርግላስ መሸፈን?

ጎርጎራ ዳር ተጥሎ የቆየ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ጎንደር አምጥቶ በግቢው ለማደስ የሚያስብ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ የበሰበሰውን ሳንቃ ነቅሎ መተካት፣ ወይም ቀፎውን (የጀልባውን ውጫዊ አካል) በሙሉ በፋይበርግላስ፣ ማለትም ሬዚን በሚባል የሚጠነክር ፈሳሽ ማጣበቂያ በተነከረ የመስታወት ክር ጨርቅ፣ መሸፈን።

ፋይበርግላስ ያጓጓል። ውጪው ያምራል፣ ውኃም አያስገባም። ችግሩ ከሥር ነው። የጣና ውኃ ጨው የለውምና እንጨትን ከብስባሽ አይጠብቅም፤ እርጥብ ሳንቃ በሬዚን ሲታሸግ ደግሞ መበስበሱ ተደብቆ ይቀጥላል። በዚያ ላይ ሳንቃ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ግትሩ ሽፋን ይህን እንቅስቃሴ መከተል ስለማይችል ይሰነጠቃል ወይም ይላቀቃል። ርካሹ ፖሊስተር ሬዚን እንጨትን አጥብቆ አይዝም፤ ኤፖክሲ የተባለው ሬዚን ይሻላል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል።

ሳንቃ መቀየር ትዕግሥት ይጠይቃል። እያንዳንዱን ሳንቃ በወስፌ መውጋት ያስፈልጋል፤ ወስፌው ያለ ችግር ከሰመጠ እንጨቱ ሞቷል። ለመተኪያ ጽድ መበስበስን ይቋቋማል። ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለቀፎ ፈጽሞ አልመክረውም። በሳንቃዎቹ መካከል የጥጥ ክር ተጠቅጥቆ ስቱኮ ይለበጣል። ጀልባው ሐይቅ ሲገባ መጀመሪያ ትንሽ ቢያስገባ አያስደነግጥም፤ እንጨቱ ሲያብጥ ክፍተቱ ይዘጋል።

እኔ ያለ ማመንታት ሳንቃ መቀየሩን እመርጣለሁ፤ የወደፊት ጥገናውም ለማንኛውም ጎበዝ አናጺ አይከብድም። ቀፎው በደንብ የደረቀ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ብቻ ፋይበርግላስን እቀበላለሁ። የትኛውም ቢመረጥ ሥራው ከጥቅምት በኋላ ይጀመር፤ በክረምት እንጨቱ አይደርቅም።