ለቁጥቋጦ ቼሪ የትኛውን መግረዣ ልግዛ?

ቁጥቋጦ ቼሪ እንደ ትልቁ የቼሪ ዛፍ አንድ ግንድ ብቻ አያበቅልም። ከመሬት ብዙ ግንዶች ተጠጋግተው ይወጣሉ። ዳር ዳሩን ቀጫጭን ለጋ ቅርንጫፎች ናቸው፤ መሃሉን ደግሞ የወፋፈሩ አሮጌዎች ይይዙታል። መሣሪያ ስትመርጡ ዓይናችሁ እዚህ ላይ ይሁን። ለሌላ ዛፍ ግሩም የሆነ መቀስ እዚህ መሃል ገብቶ መፈናፈኛ ሊያጣ ይችላል።

በእጅ መቀሱ እንጀምር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ሁለት ዓይነት አለ። «ባይፓስ» የሚባለው እንደ ልብስ ሰፊ መቀስ ስለቱ በሌላኛው መንጋጋ ጎን ተላልፎ ያልፋል። «አንቪል» የሚባለው ግን ስለቱ አንድ ብቻ ነው፤ የሚያርፈውም እንደ መስፍ በተደላደለ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ነው። መደብር ውስጥ ተደርድረው ስታዩዋቸው ይመሳሰላሉ።

ልዩነቱ የሚታየው እርጥብ ቅርንጫፍ ስትቆርጡ ነው። በሁለቱም አንዳንድ ቁረጡና ጫፉን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። የባይፓሱ ቁራጭ ለስላሳ ነው፤ ቅርፊቱም ዙሪያውን እንደተጣበቀ ይቆያል። የአንቪሉ ቁራጭ በአንድ ጎኑ ጨፍለቅ ይላል፤ ቅርፊቱ ከእንጨቱ ለቀቅ ብሎ በጥፍር ሊነሳ ይችላል። ቼሪ ደግሞ ቁስሉን ቶሎ የሚረሳ ተክል አይደለም። ቁስሉ ላይ ሙጫ ያወጣል፤ በተቀጠቀጠው በኩል ባክቴሪያና ፈንገስ ይገባሉ። ቅጠሉን ብርማ አድርጎ ቅርንጫፉን የሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ መግቢያው እንዲህ ያለ ትኩስ ቁስል ነው። ስለዚህ ሕይወት ላለው ቅርንጫፍ ያለ ምንም ማመንታት ባይፓስ እላለሁ።

አንቪል ከንቱ ዕቃ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ደረቅ እንጨት ላይ ጎበዝ ነው፤ እጅም አያደክምም። ነገር ግን ላንድ ሁለት ቁጥቋጦ ብላችሁ አትግዙት፤ ደረቁን መጋዙ ይቆርጠዋል።

ባይፓስ ስትገዙ ዘግታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። በስለቱና በመንጋጋው መካከል ብርሃን ካለፈ ቀጭን ቅርንጫፍ ሳይቆረጥ ታጥፎ ይገባበታል። ብሎኑ የሚጠብቅ፣ ስለቱም የሚለወጥ ይሁን። ግራኝ ከሆናችሁ ለግራ እጅ የተሠራውን ፈልጉ። ስትቆርጡ ደግሞ ስለቱ ተክሉ ላይ በሚቀረው በኩል ይዋል፤ መንጋጋው የሚጫነው የሚጣለውን እንዲሆን።

ባለ ረጅም እጀታው መቀስስ? ጉልበት አለው፤ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን በአንዴ የሚቆርጥ አለ። ችግሩ ለመቁረጥ እጀታዎቹ ወደ ጎን መከፈት አለባቸው። ቁጥቋጦው መሃል ሲገባ አጠገብ ያሉትን ግንዶች ይገፋል፣ ቅርፊታቸውን ይልጣል። መንጋጋውም እስከ ሥሩ ስለማይደርስ ጉቶ ይቀራል። ለዛፍ ቼሪ ደስ እያለኝ እመክረዋለሁ፤ ለቁጥቋጦው ግን አልመክረውም።

እኔ የማደላው ለታጣፊ መጋዝ ነው። ጠባብና 15 ወይም 18 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ወደ ራስ ሲሳብ የሚቆርጥ። የቁጥቋጦ ቼሪ ዋና ሥራ ጫፍ መከርከም አይደለም፤ በየዓመቱ ካረጁት ግንዶች ጥቂቶቹን፣ ቢበዛ ከጠቅላላው ሩቡን፣ ከመሬት አስጠግቶ ማንሳት ነው። ያኔ መሃሉ ብርሃን ያገኛል፤ ፍሬ የሚይዙ አዳዲስ ቅርንጫፎች ይተካሉ። በሁለት ግንዶች መካከል ሾልኮ እዚያ ድረስ የሚደርሰው ይሄ መጋዝ ነው።

በባትሪ የሚሠራው መቀስ ብዙ ተክል ላለው ነው፤ ለጓሮ አያስፈልግም።

የትኛውንም ብትይዙ ደረቅ ቀን ምረጡ። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሻገሩ ስለቱን 70 በመቶ አልኮል ባለው ጨርቅ ጥረጉት።

ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ እንደ ተክሉ ዕድሜ ወስኑ። ገና የተተከለ ከሆነ ጥሩ ባይፓስ ይበቃዋል። ግንዶቹ ከአውራ ጣት መወፈር ሲጀምሩ ግን መቀሱን አታስጨንቁት፤ ያኔ መጋዙን ጨምሩ።