ለመስኮት ቁጥር 3ዋ ልጅ

ይሄ ምስጋና ዱባይ፣ ናይፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንድ የምንዛሪ ቤት መስኮት ቁጥር 3 ላይ ለምትሠራ ልጅ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ፈቃዷን አልጠየቅኳትም። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቤቱን በደንብ አድርጌ እጠቁማችኋለሁ።

ለእህቴ ሠርግ ዕቃ ልገዛ ነበር የሄድኩት፤ ለአምስት ቀን። ዶላሩን ባንኬ ካርድ ላይ ሞላልኝ፣ ለእጄ የሚሆን ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ያዝኩ፣ አለቀ። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ማታ፣ ባንያስ አደባባይ አጠገብ አንድ ኤቲኤም ጋ ቆምኩ። የሚስጥር ቁጥሬን አስገባሁ። ማሽኑ አሰበ፣ አሰበና አልተፈቀደም አለኝ። ደገምኩ። አሁንም አሰበ። ከዚያ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ግርር አለና ስክሪኑ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ። ካርዴ የለም። ጭው አለብኝ። ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ልከት ምንም አልቀረኝም። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር አለኝ፤ ፊቱን ሳየው "አይዞሽ" መሰለኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ የቀረው 35 ድርሃም ነው። ለሚዜዎቹ ልብስ ቀብድ ከፍያለሁ፤ 700 ድርሃም ይቀረኛል። በረራዬ ሰኞ ማታ ነው።

ያን ሌሊት ያልሞከርኩት ነገር የለም። የባንኩ ስልክ የት ነው የተጻፈው? ካርዱ ጀርባ ላይ። ካርዱስ? ማሽኑ ሆድ ውስጥ። ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው አጭር የጥሪ ማዕከል ቁጥር ደግሞ ከውጭ አገር ሲደወል አይሠራም። በዋትስአፕ አገር ቤት ልደውል ብል እዚያ የዋትስአፕ ጥሪ ዝግ ነው። መልእክት ይሄዳል፣ ድምፅ አይሄድም። እዚያ ያሉ ልጆች ሁሉ ቦቲም የሚባል የጥሪ መተግበሪያ የሚጠቀሙት ለዚህ መሆኑን ያወቅኩት በማግስቱ ነው።

እሑድ ጠዋት ወደ ናይፍ በእግሬ ሄድኩ። ባንክ እዚህም እዚያም ዝግ ነው፣ ምንዛሪ ቤቶቹ ግን ክፍት ናቸው። ወረፋው ግማሹ የእኛ ሰው ነበር። እሑድ የዕረፍት ቀናቸው የሆነ የቤት ሠራተኛ ልጆች፣ አንድ እጃቸው ላይ የታጠፈ ብር፣ ሌላው ላይ የሂሳብ ቁጥር የተጻፈበት ስልክ። ተራዬ ደረሰ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስጀምር ልጅቷ ፊቴን አየት አደረገችና፦

"በአማርኛ ንገሪኝ እህቴ። ቀስ ብለሽ።"

እዚያው መስኮቱ ጋ እንባዬ መጣ። አፈርኩ ደግሞ።

መጀመሪያ ያለችኝ ስለ ገንዘብ አልነበረም። "ካርዱን አዘግተሻል?" አለችኝ። አላዘጋሁም። የባንኬን ረጅሙን ቁጥር፣ በ251 የሚጀምረውን፣ ራሷ ፈልጋ አገኘችና በቢሮው ስልክ ደውላ በመስታወቱ ስር አቀበለችኝ። የጥሪ ማዕከሉ ልጅም ይባረክ፤ ስሜን፣ የትውልድ ቀኔንና የመጨረሻ ግዢዬን ጠይቆ ወዲያው ዘጋልኝ። ካርዱን ማስመለስስ? ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። የውጭ አገር ባንክ ካርድ ማሽን ከዋጠው ብዙ ጊዜ ለባለቤቱ አይሰጥም፤ ወይ ይወገዳል ወይ ወደ አወጣው ባንክ ይመለሳል። "እሱን እርሺው" አለችኝ። እኔ እኮ ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ደጅ ላይ ቆሜ ልጠብቅ ነበር።

"ውጭ አገር ዘመድ አለሽ?"

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ናት። ዱባይ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ ከሌሊቱ ስምንት ነው። ቀሰቀስኳት። ምስኪን፣ "ማን ሞተ?" ብላ ነው የተነሳችው። በስልኳ በዌስተርን ዩኒየን 300 ዶላር ላከችልኝና ገንዘቡ የሚወጣበትን ባለ አሥር አሃዝ ቁጥር በመልእክት ሰደደችልኝ። ይኸው አለቀ ብዬ ለመስኮቷ ልሰጥ ስል እጇን አነሳች። "ቆይ፣ ስምሽን በምን ላከችው?"

የአክስቴ ልጅ የላከችው እንደ አገራችን በስሜና በአባቴ ስም ነው። ፓስፖርቴ ላይ ግን የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው። ያ ብቻ አይደለም፤ የእኔው ስም መጨረሻ ላይ ፓስፖርቴ ሁለት ፊደል ያደርጋል፣ እሷ አንድ። ልጅቷ እንዳለችኝ ያኔ ጥያቄውን ብናስገባ ክፍያው ሊታገድ ይችል ነበር። በየሳምንቱ ከእኛ ሰዎች ጋር የሚያታግላት ይሄው የስም ነገር ነው። ፓስፖርቴን ተቀብላ ስሜን በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል፣ እያንዳንዱን ለየብቻ፣ ልክ ለአንደኛ ክፍል ተማሪ እንደሚጻፍ ጻፈችው። "ፎቶ አንሽና ላኪላት። ማስተካከል የሚችለው ላኪ ብቻ ነው።" ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እስከዚያ ወንበር ሰጥታኝ ሌሎቹን አስተናገደች፤ በመሃል አንገቷን ብቅ አድርጋ "መጣ?" ትለኛለች።

መጣ። 1,090 ድርሃም፣ ሁለቴ ተቆጥሮ። ሒሳቡንም አስረዳችኝ፦ ድርሃም ከ1997 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ 300 ዶላር ሙሉው 1,101 ከምናምን ነው፤ ከዚያ የጎደለችው የላኪው ድርጅት የምንዛሪ ትርፍ ናት። የትም ምንዛሪ ቤት ስገባ በዚህ ቁጥር ካባዛሁ ማን እንደበላኝ አውቃለሁ። ለሌላ ጊዜ ደግሞ ኤቲኤም "በካርድሽ ገንዘብ ወይስ በድርሃም?" ብሎ ከጠየቀሽ በድርሃም በይ አለችኝ፤ በካርድሽ ገንዘብ ካልሽ ምንዛሪውን የሚቆርጠው የማሽኑ ባለቤት በፈለገው ዋጋ ነው። እኔ በፊት የትኛውን እነካ እንደነበር ባልናገር ይሻላል።

የቀረውን ባጭሩ፦ ልብሶቹን ከፍዬ ወሰድኩ፣ ጠግቤ በላሁ፣ ሰኞ ማታ ገባሁ። አሁን የአዲሱን ካርዴን ጀርባ፣ ሦስቱን ቁጥሮች በጣቴ ሸፍኜ፣ ፎቶ አንስቼ አስቀምጫለሁ። የባንኩ ረጅም ቁጥርም ስልኬ ላይ አለ። መቶ ዶላር ደግሞ ሻንጣ ውስጥ፣ ከቦርሳዬ ተለይታ ትቀመጣለች።

ልወጣ ስል ሃምሳ ድርሃም በመስታወቱ ስር ገፋ አደረግኩላት። መልሳ ገፋችው፤ ካሜራውን በዓይኗ አሳየችኝ። "እሺ ከአገር ቤት ምን ልላክልሽ?" ስላት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሦስት ዓመት አገሯን አላየችም። "በሶ" አለችኝ። "የሱቁን አይደለም። ቤት የተቆላውን።"

እናቴ ትናንት ቆልታ አስፈጭታዋለች። ሁለት ኪሎ ነው፣ በደንብ ታሽጓል። በዚህ ወር ወደ ዱባይ የሚሄድና ሻንጣው ላይ ቦታ የሚተርፈው ሰው ካለ ይጻፍልኝ፤ ቤቱ ድረስ አመጣለታለሁ።