የመርካቶው የሞተር ቦርሳ ደብረ ማርቆስ ድረስ እንዴት ሆነ?

በሞተር ረጅም መንገድ ለመውጣት ላሰባችሁ። መርካቶ የሚሸጠውን ጥንድ የሸራ የጎን ቦርሳ ገዝቼ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ነዳሁበት። መንገዱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሃል ላይ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ።

ውሃ አያስገባም የሚሉት እውነት ነው። ፍቼን እንዳለፍኩ ዶፍ ወረደብኝ፣ ልብሴን ግን ጠብታ አልነካውም። ሚስጥሩ አፉ ነው። ዚፕ የለውም፤ ሶስቴ ተጠቅልሎ በዘለበት ይቆለፋል። ከልክ በላይ አጭቃችሁት መጠቅለል ካቃተው ግን አትመኑት።

ቅሬታዬ ማሰሪያው ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁለቱን ስወርድ፣ አስፋልቱ ተጨማዶ በሚያንገጫግጭበት ቦታ የቀኙ ቦርሳ እየላላ እየላላ ሄዶ ማርሚታው (የሚግለው የጭስ ማውጫ) ላይ አረፈና ጥጉ ቀለጠ። ሻጩ «ይሄ እሳት አይፈራም» ብሎኝ ነበር፤ ኧረ ተዉ እባካችሁ! ከአሮጌ ካላማዳሪያ (ጎማ ውስጥ ከሚገባው ላስቲክ) የተቆረጠ ማሰሪያ ስጨምርበት ነው ፍንክች ያላለው። ከመውጣታችሁ በፊት በያጅ ቤት ጎራ ብላችሁ ቦርሳውን ከማርሚታው የሚከልል ብረት አስበይዱ።

አጫጫኑ ቀላል ነው። ኪያቤ (የብሎን መፍቻ)፣ ካንዴላ (ነዳጁን የሚለኩሰው የእሳት ብልጭታ ሰጪ) እና ትርፍ ካላማዳሪያ ከታች፣ የዝናብ ልብስ ከላይ፤ ሁለቱም ጎን እኩል ይመዝን። ከጫናችሁ በኋላ የኋላ ጎማውን ንፋስና ጎማውን የሚያዞረውን ሰንሰለት፣ ካቴናውን፣ እዩ፣ ጭነት ሲበዛ ካቴናው ይወጠራልና።

ጥቁሩን አትግዙ፣ ማታ ጭራሽ አይታይም። ብርቱካናማው በዚያው ዋጋ አለ።