መሪያችሁ ከተርገፈገፈ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለጋሼ አሳዩት

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ ለምትኖሩ ወገኖቼ፤ ይህን የምጽፈው አንድ የመኪና ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አላወጣም፤ «ሰው ከሰው ሰምቶ ይምጣ እንጂ ስሜን አደባባይ አታውጣው» ስላሉኝ። ደንበኞቻቸው ሁሉ ጋሼ ነው የሚሏቸው፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ጋራዣቸው አሌክሳንድሪያ አካባቢ ነው። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

መኪናዬ የተለመደ መኪና አይደለም። ከወንድሜ ጋር ቤት ውስጥ የገጣጠምነው ሆት ሮድ ነው። ለማታውቁት፦ አሜሪካኖች የጥንት መኪና ቦዲ ላይ ጉልበተኛ ሞተር ጭነው፣ ዝቅ አድርገው፣ የማያስፈልገውን ሁሉ አራግፈው የሚሠሩት መኪና ነው። የእኛ የ1932 ፎርድ ቅርጽ አለው። ፎርድ ቪ8 ሞተርን ለተራው ሰው በሚቀመስ ዋጋ ያወጣው በዚያ ዓመት ስለነበር፣ ሆት ሮድ ወዳጆች ዛሬም ሞዴሉን እንደ ብርቅ ነው የሚያዩት። ቦዲው ፋይበርግላስ፣ ሻንሲው አዲስ ብረት፣ ሞተሩ ሸቭሮሌት 350 ነው፤ 5.7 ሊትር መሆኑ ነው። የፊት እግሩ ግን የድሮውን አሠራር የተከተለ ነው፦ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ አክስል፣ በላዩ በአግድም የተኛ አንድ ባሌስትራ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ደግሞ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት ዘንግ፣ ኪንግ ፒን። የመሪ ሳጥኑ ሸቭሮሌት በ1970ዎቹ ለቬጋ መኪና ይጠቀምበት የነበረው ዓይነት ነው፤ ትንሽ ስለሆነና ጠባብ ቦታ ስለሚበቃው ሆት ሮድ ሠሪዎች ይወዱታል።

ችግሬ ይህ ነበር፦ በ45 ማይል አካባቢ አንዱ የፊት ጎማ ጉድጓድ ወይም የድልድይ መጋጠሚያ ሲመታ መሪው ከእጄ ይነጠቃል። መንቀጥቀጥ ብዬ የማልፈው ነገር አይደለም። ሁለቱ ጎማዎች ግራና ቀኝ ይማታሉ፣ ኮፋኖው ይንዘፈዘፋል፣ ፍጥነቱን ወደ 20 ማይል እስካላወረድኩ ድረስም አይቆምም። አንዴ ውድሮ ዊልሰን ድልድይ ላይ፣ ከኋላዬ ትልቅ የጭነት መኪና ተከትሎኝ ሳለ ጀመረው። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ እዚያ መኪና ውስጥ አልገባም ብላ ቁርጥ አደረገች። እውነቷን ነው።

ወደ ጋሼ ከመሄዴ በፊት ሌሎች ጋራዦች አይተውት ነበር። አንዱ ጎማ አስቀየረኝ፤ ሌላው ባላንስ ሠራልኝ፤ ሦስተኛው ደግሞ የመሪ ዳምፐር ገጠመልኝ። ዳምፐር እንደ አሞርዛተር ያለች፣ የመሪውን እንቅስቃሴ የምታቀዘቅዝ ቱቦ ናት። ከገጠመልኝ በኋላ በርግጥ ቀለል አለ። በ45 ይጀምር የነበረው ወደ 55 ከፍ አለና በዚያው ቀጠለ።

ጋሼ መኪናዋን ሳይነኩ ነው ጥያቄ የጀመሩት። በስንት ማይል? ለስላሳ አስፋልት ላይም ይመጣል ወይስ የግድ ጉብታ መምታት አለበት? ፍሬን ስትይዝስ? ፍጥነት ስትጨምር ይጠፋል? መልሴን ሲሰሙ ባላንስን ከዝርዝራቸው አወጡ። የባላንስ ችግር ጉብታ አይጠብቅም፤ በተወሰነ ፍጥነት ይመጣል፣ ፍጥነቱ ሲለወጥም ይጠፋል። አንድ ጉብታ የሚቀሰቅሰውና ከዚያ ራሱን በራሱ የሚያባብሰው መርገፍገፍ ግን የሚመጣው ከሚነቃነቅ ነገር ወይም ከጂኦሜትሪ ነው።

ከዚያ ቁልፍ አንስተው ዳምፐሩን አወለቁት። ደነገጥኩ፤ የከፈልኩበት ዕቃ ነዋ! «ልጄ፣ ይሄ ማስታገሻ ነው። ተውጦ ሳለ በሽታው የት እንዳለ አይናገርም» አሉኝ።

ቀጥሎ አክስሉን በክሪክ አነሱት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲያወዛውዙት ጥቂት ይነቃነቃል። እኔን ፍሬን እንድረግጥ አዘዙኝና እንደገና ሞከሩ፤ መነቃነቁ ጠፋ። ፍሬን ሲያዝ ዲስኩና ኪንግ ፒኑ ላይ የሚዞረው ክፍል አንድ ላይ ይቆለፋሉ። ስለዚህ በፍሬን የሚጠፋ መነቃነቅ የኩሽኔታ ነው፤ ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ የኪንግ ፒን ነው። የእኔ ኩሽኔታ ትንሽ ላልቶ ኖሯል፤ ዳዶውን አጥብቀው አስተካከሉት። ግን ይሄ ብቻውን እንዲህ አያደርግም ብለው ቀጠሉ።

ከሁሉ የገረመኝ የሚቀጥለው ነው። መኪናዋን ወደ መሬት መለሷት፤ ክብደቷ ጎማዋ ላይ መሆን አለበት። እኔ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ እንዳወዛውዝ አድርገው እሳቸው ከሥር ተኙ። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በአውራ ጣታቸው እየያዙ ይፈትሻሉ፤ ግማሹ ጣት አንዱ ብረት ላይ፣ ግማሹ ሌላው ላይ ያርፋል። ዓይን የማያየውን መነቃነቅ ጣት ያገኘዋል ይላሉ። ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው ዘንግ፣ ታይሮዱ፣ ደህና። ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ፣ ድራግ ሊንኩ፣ ደህና። የመሪ ሳጥኑ የታሰረበት ደህና። ከዚያ ድምፃቸው ከሥር መጣ፦ «ጎማው ሳይዞር ሻንሲው ወደ ጎን ይሄዳል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አግድም የተኛው ባሌስትራ ጫፎቹ ሻክል በሚባሉ ተወዛዋዥ ማንጠልጠያዎች ላይ ስለተሰቀሉ ሻንሲው ወደ ጎን መወዛወዝ ይችላል። ያንን የሚከለክለው ፓንሃርድ ባር የሚባለው ዘንግ ነው፤ በአንድ ጫፉ ሻንሲው ላይ፣ በሌላው አክስሉ ላይ ይታሰራል። የእኔ ባር ከመገጣጠሚያ ዕቃው (ከኪቱ) ጋር በመጣ ቡሎን የታሰረ ነበር፤ ያ ቡሎን ደግሞ ከጫፍ እስከ አናቱ ጥርስ የተቆረጠለት ነው። ጥርሱ የሚታሰርበትን ብረት ቀስ በቀስ እየሞረደ ቀዳዳውን አሰፋው። የመሪ ሳጥኑ ያለው ሻንሲው ላይ፣ ጎማው ያለው አክስሉ ላይ ነው። ስለዚህ ሻንሲው ወደ ጎን በተንሸራተተ ቁጥር ድራግ ሊንኩ ጎማውን ይገፋዋል ወይም ይስበዋል፤ የዞረው ጎማ ደግሞ አክስሉን ወደ ጎን ይወስደዋል፤ ባሩ ስለላላም ሻንሲው እንደገና ይወዛወዛል። ሌላ የሚያቆመው ስለሌለ ፍጥነቱ እስኪወርድ ይቀጥላል።

ጋሼ የሰፋውን ቀዳዳ በብየዳ ሞልተው በልኩ በሱት። ቡሎኑንም ቀየሩት፤ አዲሱ ብረቱ ውስጥ የሚያርፈው ክፍሉ ለስላሳ ነው፣ ጥርሱ ዳዶው ጋ ብቻ ነው ያለው። ዋጋው የጥቂት ዶላር ነገር ነው።

በዚህ ቢያበቁ ይበቃኝ ነበር። እሳቸው ግን የዲግሪ መለኪያ አምጥተው ካስተሩን ለኩ። ካስተር ማለት የኪንግ ፒኑ አናት ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ልክ ነው፤ ጎማው ከዞረ በኋላ ወደ ቀጥታ እንዲመለስ የሚያደርገው እሱ ነው። እንዲህ ላለ አክስል ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ይመከራል። የእኔ በግራ 3 ነበር፣ በቀኝ ከዚያም ያንሳል። አክስሉን ከኋላ የያዙትን ዘንጎች ጫፍ እያዞሩ ሁለቱንም 6 ላይ አደረሷቸው። ከዚያ የመሪ ሳጥኑን መሃል ፈለጉ። ሳጥኑ ትክክለኛ መሃሉ ላይ ሲሆን ነው የሚጠብቀው፤ ከመሃሉ ሲወጣ ይላላል። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ሳጥኑ መሃሉ ላይ ካልሆነ ያ ልልነት ቀጥታ መንገድ ላይ ይመጣል። መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙረው ዙሩን ቆጠሩ፣ ለሁለት ከፍለው መሃሉን ያዙ፣ ድራግ ሊንኩን በዚያ ልክ አሳጠሩት። በመጨረሻ የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል በ1/8 ኢንች ጠበብ እንዲሉ አደረጉ።

ያለ ዳምፐር ሪችመንድ ሀይዌይን አልፈን ወደ ድልድዩ ወጣን። መጋጠሚያዎቹን በ55 ማይል አለፍናቸው፤ መሪው ምንም አላለም። ዳምፐሩን ልመልሰው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «ገንዘብህ ነው፣ እሰረው ብትል እሰራለሁ፤ ሥራ ግን የለውም» አሉኝ። ጓዳዬ ውስጥ ተቀምጧል። የሚገዛኝ ካለ እሸጣለሁ።

አሁን ሆት ሮድ የሌላችሁ፣ ማለትም ሁላችሁም፣ ይህ ምን ይጠቅመናል ትሉ ይሆናል። የጋሼ አብዛኛው ደንበኛ ታክሲና ኡበር የሚነዳ ወገን ነው፤ የሚመጣላቸውም ካምሪ፣ ኮሮላ፣ ሲየና ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ለሌሎች ሲያስረዱ የሰማሁት ይኸው፦ መኪናው ከ55 እስከ 65 ማይል ባለው ብቻ ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ ባላንስ ይታይ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፊት ዲስኩ ይታይ። በዝቅተኛ ፍጥነት መሪው ግራ ቀኝ እያለ ቀስ ብሎ ከዋለለ ጎማው ውስጡ ተላቆ ወይም ቸርኬው ተጣሞ ሊሆን ይችላል። አላይመንት መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲጎትት ወይም ጎማ በአንድ ጎን ሲበላ ነው የሚሠራው። ለመንቀጥቀጥ ብሎ አላይመንት የሚሸጥላችሁን ጋራዥ ጋሼ በደግ አያነሱትም። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ በየዓመቱ ኢንስፔክሽን ላይ የመሪና የፊት እግር መላላት እንደሚታይ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ወድቃችሁ በጥድፊያ ዕቃ ከመግዛት ቀድማችሁ ብታሳዩአቸው ይሻላል።

ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ። ስልክ አያነሱም፤ መልእክት ትታችሁ ጠብቁ። የኤሌክትሪክ ሥራ አይነኩም። እሁድ ዝግ ነው። ቸኩላችሁ ከሄዳችሁ ትናደዳላችሁ፤ ምክንያቱን ሳያገኙ ቁልፍ አያነሱም፣ ምክንያቱን ካገኙ በኋላም ሳያስረዱ አይለቋችሁም። የጠየቁኝ ክፍያ ለዳምፐሩ ካወጣሁት ያነሰ ነበር። ጨምሬ ልስጥ ብል እምቢ አሉኝ፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በምትኩ ይቁጠሩልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት።

ወደ እሳቸው ስትሄዱ መኪናችሁ በስንት ማይል እንደሚንቀጠቀጥ፣ ፍሬን ስትይዙ ይሁን ሳትይዙ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በቅርቡ ምን ዕቃ እንደተቀየረ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው፤ «አላስታውስም» ካላችሁ ሂዱና ነድታችሁ ኑ ብለው ይመልሷችኋል።