የባህር ውስጥ ማክሮ ፎቶ ላስተማረኝ ባለሙያ ምስጋና

ከባህር በታች የማክሮ ፎቶ (ትንንሽ ነገሮችን በጣም ቀርቦ አጉልቶ ማንሳት) መጀመር ለምታስቡ አንድ አስተማሪ ልጠቁማችሁ። እግረ መንገዴንም በአደባባይ ላመሰግነው እፈልጋለሁ። የሚገባው ሰው ነው።

ለጀማሪ ቁጥር ነግሮ መሸኘት ቀላል ነው። እሱ ግን ቁጥሩን ከነምክንያቱ ነው የሚሰጠው። መነሻው ይሄ ነው፦ ካሜራው ማንዋል ላይ (ቅንብሩን ራሳችሁ የምትመርጡበት)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ወይም 200፣ የሻተር ፍጥነት (የካሜራው መጋረጃ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 16። ከዚያ አንድ በአንድ ያስረዳችኋል። ውሃ ከቀለማት ሁሉ ቀድሞ ቀዩን ይውጣል። 10 ሜትር ላይ ስትደርሱ ቀይ የነበረው ነገር ደብዝዞ ግራጫ ይመስላል። ስለዚህ ለማክሮ ዋናው ብርሃን ፀሐይ ሳይሆን ፍላሽ ነው። ፍላሹ ብልጭ የሚለው ለቅጽበት ስለሆነ እንቅስቃሴውን ቀጥ አድርጎ የሚያስቀረው እሱ ነው። የሻተሩ ሥራ ከጀርባ ያለው ውሃ ምን ያህል ይታይ የሚለውን መወሰን ነው። 1/200 ከኤፍ 16 ጋር ሲሆን ጀርባው ይጠቁርና ትንሿ ፍጥረት ብቻዋን ጎልታ ትወጣለች። ሻተሩን ከዚህ ብዙ ማፍጠን ደግሞ አያዋጣም፤ ብዙ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር ከ1/200 ወይም ከ1/250 ካለፉ የፎቶው አንድ ጎን ጠቁሮ ይቀራል።

ፎከስ ላይ ትዕግስቱ ይገርማል። ኑዲብራንች የምትባል ዛጎል አልባ የባህር ቀንድ አውጣ አለች፤ ጭንቅላቷ ላይ ሁለት ቀንድ የሚመስሉ ነገሮች አሏት። ይህን ያህል ቀርባችሁ ስታነሱ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ፎከሱ እነዚያ ቀንዶች ላይ ካላረፈ ፎቶው የለም። ካሜራዬን ከላይ ወደ ታች ከማነጣጠር ወደ እሷ ከፍታ አስወረደኝ። አንዲት የፎከስ ነጥብ መረጥኩ፣ ፎከሱን ቆለፍኩ፣ ከዚያ በቀስታ ወደፊትና ወደኋላ እያልኩ ቀንዶቹ ጥርት ሲሉ ተጫንኩ። ያን ፎቶ እስካሁን እወደዋለሁ።

ሌላው የብናኝ ጉዳይ ነው። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝ ፍላሽ ሲያርፍበት ፎቶውን በረዶ የዘነበበት ያስመስለዋል። መፍትሔው ፍላሹን ትንሽ ወደ ውጭ ማዞርና በጣም መቅረብ ነው። በመሃል ያለው ውሃ ሲያንስ ብናኙም ያንሳል።

ከሁሉ በላይ የማከብረው ግን ለእንስሳቱ ያለውን ርኅራኄ ነው። ሳይነካኩ፣ ሳይወጡና ሳይወርዱ አንድ ቦታ መንሳፈፍ ለማይችል ሰው ካሜራ አያስይዝም። ፒግሚ የምትባለው የባህር ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሴንቲሜትር እንኳ አትሞላም። ፊቷን ካዞረች "ይበቃታል" ይልና ይዟችሁ ይሄዳል። ለፎቶ ብሎ እንስሳ በጣቱ ሲያዞር አታዩትም።

አዲስ ዕቃ ግዙም አይልም። የአበባ ምልክት ያለው የማክሮ አማራጭ ያላት ትንሽ ካሜራ ካለቻችሁ በእሷው ያስጀምራችኋል።

ወንድሜ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። እድሜና ጤና ይስጥህ።

ስሙንና ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የመጥለቅ ሥልጠናችሁን ግን ቀድማችሁ ጨርሱ፤ እሱ የሚያስተምረው ፎቶውን ነው።